ጀልባዋ ከግቢ የወጣች ዕለት

ሲምረት ሚልኪያስን መጀመሪያ ያገኘችው ቀን ፊቱን በደንብ አላየችውም። ሁለመናው ነጭ አቧራ ለብሶ፣ አፍና አፍንጫውን በጭምብል ሸፍኖ፣ በግቢው ጥግ በተጎታች ላይ ከቆመችው አሮጌ ጀልባ ሥር ተንበርክኮ ነበር። ማዳም ሙንተሀ "ለሠራተኛው ሻይ አድርሺለት" ስላለቻት ነው የወጣችው። ባንግላዴሻዊ መስሏት በዐረብኛ ሰላም አለችውና ትሪውን አስቀምጣ ልትመለስ ስትል፣ ሰውየው ለመነሳት የብረት መሰላሉን ጨበጠ። ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሆንም የኩዌቷ ፊንጣስ ፀሐይ ብረቱን አግላው ነበር።

"ውይ እናቴ" አለ በአማርኛ፣ እጁን እያራገፈ።

ሲምረት ባለችበት ቆመች። ወደዚህ ቤት ከገባች ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ከስልክ በስተቀር፣ ፊት ለፊት አማርኛ የሰማችበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

"አበሻ ነህ እንዴ?"

ሰውየው ጭምብሉን ወደ አንገቱ አወረደው። ጭምብሉ የነበረበት ቦታ ብቻ ጠይም ሆኖ ቀርቷል፤ ከዚያ በላይ እስከ ፀጉሩ ድረስ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል።

"እንዲህ ሆኜም ያስታውቃል?" አላት።

ሲምረት ሳቀች። ድምፁን ራሷ ስትሰማው ደነገጠችና አፏን በእጇ ሸፍና ወደ መስኮቱ ዞረች። ከእሷ አፍ ሳቅ ከወጣ ስንት ጊዜው እንደሆነ ማስታወስ አቃታት።

ከመስኮቱ በስተጀርባ ባባ ጃሲም በተሽከርካሪ ወንበራቸው ተቀምጠው ያዩአቸዋል። ባባ የማዳም ሙንተሀ አባት ናቸው። በአሕመዲ የነዳጅ ሥራ ላይ አርባ ዓመት የቆዩ፣ በዕረፍት ቀናቸው ከባሕር የማይጠፉ ሰው ነበሩ ይባላል። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውንና ምላሳቸውን ያዘው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሠራተኞች ተቀጥረው ሦስቱም ሄዱ፤ ባባ ከማንም እጅ አልበላም አሉ። ከሲምረት እጅ ብቻ ይበላሉ። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ሰማያዊ የነበረችው ጀልባቸው ሠላሳ ዓመት ፀሐይ መትቷት እንደ ጠመኔ ነጥታለች። ማዳም "ከእንግዲህ በዚህ ቤት ባሕር የሚወጣ የለም" ብላ ልትሸጣት ወሰነች። ገዢው ግን መጀመሪያ ትታደስልኝ ስላለ፣ ሥራውን ሳሚ የሚባል በዕድሜ የገፋ ግብፃዊ ተኮናተረ። ሳሚ በየማለዳው ሚልኪያስን ከሠራተኞች ሠፈር ከጅሊብ አምጥቶ ያራግፈዋል፤ ቀትሩ ሳይበረታ በአራት ሰዓት መጥቶ ይወስደዋል።

በማግስቱ ሻዩን ስታደርስ ሲምረት የጀልባዋን ጎን በጣቷ ነካችው። ጣቷ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ፀሐይ የበላው የላይኛው ቆዳዋ ነው። ሳሚ ጄልኮት ይለዋል።"

"ሞታለቻ እንግዲህ።"

"የሞተው ላዩ ነው። ውኃ እያፈሰስኩ በብርጭቆ ወረቀት አሸዋለሁ፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በለስላሳው። ቀጥሎ በማሽን ይወለወላል፣ መጨረሻ ላይ ሰም ይቀባል። ቀለሟ ከሥር አለ።"

"ከሌለስ?"

ሚልኪያስ የብርጭቆ ወረቀቱን በእጁ አገላበጠ። "እሱ ነው የሚያስፈራው። ምን ያህል እንደቀረ ከላይ ሲያዩት አይታወቅም። ከመጠን በላይ ከታሸ አካሏ የተሠራበት ፋይበር ብቅ ይላል። አንዴ ፋይበሩ ከታየ ደግሞ የፈለገ ቢወለወል አይመለስም።"

ይህን ሲል ጀልባዋን እያየ አልነበረም። ሲምረት ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች።

ስልኳ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ በማዳም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚመለስላት ዓርብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሚልኪያስ ደብዳቤ ጻፈ። ወረቀት ስላልነበረው ያለቀ ብርጭቆ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፎ፣ አጣጥፎ፣ ከሻይ ብርጭቆው ሥር አስቀመጠው። ሲምረት ወጥ ቤት ገብታ ስትከፍተው ወረቀቱ ጣቷን ቧጨራት።

"ሳቅሽ ጅሊብ ድረስ ተከትሎኝ ሄደ" ይላል። "በአንድ ክፍል ስምንት ሆነን ነው የምናድረው። ለማንም አልነገርኩም።"

በባባ የመድኃኒት ካርቶን ላይ መለሰችለት። "ለማንም እንዳትነግር። እኔ ለአንድ ሰው ነግሬያለሁ፤ እሳቸው ግን መናገር አይችሉም።"

እውነቷን ነበር። ባባን ሾርባ ስታጎርስ በአማርኛ ታወራላቸዋለች። ያን ቀን ስለ ሚልኪያስ ነገረቻቸው፤ አዳማ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ቀቢ እንደነበረ፣ እናቱን እንደ ቀበረ፣ ሲናገር ዓይኑን ከሰው ላይ እንደማይነቅል። ባባ ከንፈሯን እያዩ አዳመጡ። በአራተኛው ቀን ከጀልባዋ አፍንጫ አካባቢ የክንድ ያህል ሰማያዊ ቀለም ከነጩ ውስጥ ሲወጣ፣ ባባ በግራ እጃቸው የመስኮቱን መስተዋት መታ መታ አደረጉ። ሲምረት ከውጭ፣ ሚልኪያስ ከመሰላሉ ላይ፣ ሁለቱም ድምፁን ሰምተው ዞሩ። ሽማግሌው እያለቀሱ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች እርስ በርስ ተያዩና፣ አንዳቸውም ሳይናገሩ፣ የሆነ ነገር እንደተባባሉ አወቁ።

ዓርብ ስልኳን ይዛላት መጣች። ሚልኪያስ በደብዳቤ የጻፈላት ቁጥር ላይ ደውላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። ስትዘጋው ጆሮዋ ግሎ ነበር፤ ፊቷን ለባባ ላለማሳየት መጋረጃውን የምታስተካክል መሰለች።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ሚልኪያስ ሻዩን ተቀብሎ ሳይጠጣው ቆየ።

"ሲምረት፣ ትናንት ልነግርሽ ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ያስመጣኝ አሠሪ ኢቃማዬን አላድስም ብሏል፤ የመኖሪያ ፈቃዴ አለቀ። ዓርብ እወጣለሁ።"

"የትኛው ዓርብ?"

"የሚመጣው።"

ጎንበስ ብላ ምንም ያልፈሰሰበትን ትሪ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

"አብረን እንሂድ" አላት። "አዳማ የአጎቴ ጋራዥ አለ። ቤት ባይኖረኝም እጅ አለኝ።"

"ፓስፖርቴ ማዳም ዘንድ ነው፤ እሷ ካልለቀቀችኝ የትም አልሄድም።"

"እንግዲያው ሽማግሌ እልክባታለሁ።"

"ከየት የመጣ ሽማግሌ?"

ሚልኪያስ ወደ በሩ ተመለከተ። የሳሚ ፒክአፕ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። "ሳሚ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ሦስት ሴት ልጆች ድሯል። ከዚህ የበለጠ ሽማግሌ ኩዌት ውስጥ የለኝም።"

ሲምረት ሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ እንባ ሆነ።

ያልነገረችው ነገር ነበር። ማዳም ባለፈው ዓመት "ወደ አገሬ ልሂድ" ስትላት የመለሰችላት መልስ አጭር ነበር። "ባባ እስካሉ ድረስ አንቺም አለሽ። ከዚያ በኋላ ትኬትሽን እኔ ራሴ እቆርጣለሁ።"

ያን ቀን ከሰዓት ባባን ስታጥብ ያ ቃል ትዝ አላት። ጀርባቸውን በፎጣ እያሸች፣ የአከርካሪያቸውን አጥንት በጣቷ እየዳሰሰች፣ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል "ምነው ባለፉና..." የሚል ሐሳብ መጣባት። ፎጣው ከእጇ ወደቀ። ከፊታቸው ተንበርክካ ሽባ የሆነ እጃቸውን ይዛ ሳመችው። "ይቅር ይበሉኝ ባባ" አለች በአማርኛ። ሽማግሌው ምን እንዳሰበች አያውቁም። በደህናው እጃቸው ጉንጯን ዳስሰው እንባዋን ጠረጉላት፤ እሷም ከዚህ ይልቅ በጥፊ ቢመቷት ተመኘች።

ሳሚ በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ማዳም ሳሎን አስቀመጠችው፤ ሲምረት ውኃ አቀረበች። "ወጥ ቤት ቆዪ" አለቻት ማዳም። ሲምረት ከበሩ ጀርባ ሆና የሳሚን ሳቅ ሰማች። ከዚያ ማዳም ዝግ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሳቁም ተቋረጠ። ሳሚ ሲወጣ በአጠገቧ አለፈ እንጂ አላያትም።

ሰኞ ጠዋት ሚልኪያስ ሻዩን ተቀብሎ "ሹክረን" አላት። በዐረብኛ አመሰገናት።

"ምን ሆንክብኝ?"

"ምንም። ሥራው በዝቶብኝ ነው።" ማሽኑን አስነሳው፤ ጩኸቱ ግቢውን ሞላው።

ደብዳቤ ጻፈችለት። ብርጭቆው ሲመለስ ደብዳቤዋ ሳይከፈት፣ በሻይ ርሶ፣ ከሥሩ ተለጥፎ ነበር። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ። ማዳም አልለቅም ስላለች ተስፋ ቆርጦ ይሆናል፣ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ይህን ያህል መልፋት ከብዶትም ይሆናል፣ ብላ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ጀልባዋ ግን በየቀኑ እያማረች ሄደች። ሚልኪያስ ጠርዞቹ ላይ ማሽኑን እያቀለለ፣ እንደ ሕፃን ፊት ነበር የሚወለውላት። በእሱ እጅ ሥር የሆነ ነገር ሁሉ ሲታከም፣ እሷ ብቻ ከሩቅ ቆማ ታየዋለች።

ሐሙስ ሥራው አለቀ። ጀልባዋ ሰማያዊ ሆና፣ የግቢው የተምር ዛፍ እንደ መስተዋት ጎኗ ላይ ይታይ ነበር። ሲምረት ባባን ቁርስ አብልታ ብርጭቆውን ልታነሳ ስትወጣ ሳሚ ሚልኪያስን ወስዶት ሄዷል። ከብርጭቆው ሥር ግን የተጣጠፈ ብርጭቆ ወረቀት አገኘች።

"ሲምረት፣

ማዳም ለሳሚ 'አገሯ ባልና ሁለት ልጆች አሏት' አለችው። ያመመኝ ባል ስላለሽ አይደለም፤ ስላልነገርሽኝ ነው። ዝም ያልኩሽ ልናገር ስል እንባዬ ስለሚቀድመኝ ነው። ዛሬ ሌሊቱን ሳስብ ግን፣ ውሸት ቢሆንስ አልኩ። ጀልባዋ ዛሬ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትወጣለች። እኔም እመጣለሁ። ውሸት ከሆነ በሩ ድረስ ብቻ ነይ። ምንም መናገር የለብሽም። አገሬ ገብቼ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ እውነት ነው ብዬ እሄዳለሁ። አልቀየምሽም።"

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ባል። ሁለት ልጆች። በሕይወቷ አንድም ወንድ እጇን ይዞ አያውቅም። በግቢው በር ዘላ ወጣች፤ መንገዱ ላይ ከፀሐይ በስተቀር ማንም አልነበረም።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሰዓቱን ማየት እንጂ ሌላ ሥራ አልሠራችም። ጊዜው ሲደርስ የገዢው መኪና ገባ፤ ሳሚና ሚልኪያስም ተከትለው መጡ። ሲምረት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ በሩ ስታመራ ማዳም ከሳሎን ጠራቻት።

"ባባን ወደ መስኮቱ አቅርቢያቸው። ጀልባቸውን ይሰናበቱ።"

"ማዳም፣ አንዴ ወደ በሩ ወጥቼ ልመለስ።"

"ቆሻሻው ነገ ይወጣል" አለች ማዳም፣ ሌላ ነገር ሳትጠረጥር፣ ገዢውን ልታነጋግር ወጣች።

ሲምረት ወንበሩን እየገፋች መስኮቱ ዘንድ አደረሰች። ፍሬኑን ያዘች። ሚልኪያስ ከውጭ ተጎታቹን ከመኪናው ጋር እያያያዘ ነው። ዓይኑ ግን የቤቱ በር ላይ ነው።

"ባባ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ" አለች። ከክፍሉ በር ደርሳ እጀታውን ስትይዝ ከኋላዋ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች።

ባባ በግራ እጃቸው የመስኮቱን ደፍ ጨብጠው ተነስተዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልቆሙ ሰው፣ ጀልባቸውን አሻግረው ለማየት ቆመዋል። ከዚያ ጉልበታቸው ከዳቸው።

እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። በብብታቸው ሥር ይዛቸው አብራቸው ወደቀች፤ ጭንቅላታቸው ወለሉን ሳይመታ ክንዷ ላይ አረፈ። መስኮቱ አሁን ከሁለቱም በላይ ነው፤ ከሰማይ በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። "ማዳም" ብላ ተጣራች። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ውጭ የመኪናው ሞተር ይጮኻል፤ የሰማት የለም።

ሚልኪያስ ከሞተሩ በላይ ሲጮህ በስሱ ሰማች። "ቀስ፣ ቀስ፣ ወደ ግራ" ይላል ለሾፌሩ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። መኪናው አልተንቀሳቀሰም። እየጠበቀ ነው። ከእሷ እስከዚያ በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

የባባ ትንፋሽ ተቆራርጧል። በግራ እጃቸው የቀሚሷን ደረት ጨብጠዋል። ሲምረት የአንድ ጣታቸውን ጫፍ ይዛ ቀስ ብላ አላቀቀችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ዓይናቸውን አየች። ፍርሃት ብቻ ነበረበት። እጇን መለሰች፤ ጣቶቻቸውም ተመልሰው ቀሚሷን ያዙ።

ውጭ አንድ ሰው በዐረብኛ "ና እንጂ፣ በቃ" አለ። የመኪና በር ተዘጋ። የግቢው ብረት በር እየተንሸራተተ ገጠመ። ሲምረት ባባን እንደታቀፈች፣ እንደሚያስተኙት ሕፃን ወዲያና ወዲህ እያለች፣ "አይዞዎት፣ አይዞዎት" አለች። ለማን እንደምትለው እሷም አላወቀችም።

ማዳም ስትገባ ሁለቱ አንስተው አልጋ ላይ አስተኟቸው። ትንፋሻቸው ሲረጋጋ ማዳም ላቧን ጠርጋ "ያ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሳሚ እጁን ይዞ ነው መኪና ውስጥ ያስገባው" አለች።

"ባል አላት ያልሽው ለምንድን ነው?" አለቻት ሲምረት።

ማዳም ደነገጠች። ከዚያ፣ ሲምረት በሦስት ዓመት ከመንፈቅ አይታት በማታውቀው ሁኔታ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ሌላ ምን ልበል? አንቺ ከሄድሽ ከማን እጅ ይበላሉ? ከእኔ እጅ እንኳ አይበሉም። እኔ ልጃቸው ነኝ፣ ሲምረት። ማንኪያውን ሳቀርብላቸው አፋቸውን ይዘጋሉ።" ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ዋሽቻለሁ። ነገም ቢመጣ እዋሻለሁ።"

ሲምረት ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመችው ቁጣ ነበራት። እግሯ ሥር ተቀምጣ የምታለቅሰውን ሴት እያየች ቁጣውን የምታሳርፍበት ቦታ አጣች።

"ስልኬን ስጪኝ" አለች ብቻ።

ማዳም ሰጠቻት። የሚልኪያስ ስልክ ዝግ ነበር። ሲምረት ድምፅ ቀድታ ላከችለት፤ ባል እንደሌላት፣ ባባ እንደወደቁባት። ከዚያ ስልኩን ይዛ ጠበቀች።

ስልኩ የጠራው በማግስቱ፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ ነው። ባባ በልተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ እሷ አልጋቸው ሥር ተቀምጣ ነበር። ከስልኩ ውስጥ የብዙ ሰው ጫጫታና የሻንጣ ጎማ ድምፅ ይሰማል።

"መልእክትሽን አሁን ነው ያገኘሁት። ኤርፖርት ገብቼ ዋይፋይ ስይዝ። አራት ጊዜ ሰማሁት።"

"ትቻቸው መምጣት አልቻልኩም።"

"መስኮቱን አይቼ ነበር። ባዶ ሲሆንብኝ፣ ላለማየት ነው የሸሸችው አልኩ። የጣት አሻራዬን ወስደው ፓስፖርቴ ላይ የመውጫ ማኅተም መትተውበታል። ከዚህ ወደ ኋላ አያስወጡም።"

"ተመለስ አላልኩህም።"

"ባልመለስም በይኝ። አንዴ ልስማው።"

ሲምረት ዓይኗን ጨፈነች። "ተመለስ" አለችው። "ተመለስልኝ።"

ከስልኩ ውስጥ የአዲስ አበባ ተጓዦች እንዲዘጋጁ የሚጠራ ድምፅ ተሰማ።

"እጠብቅሻለሁ" አለ ሚልኪያስ። "መጠበቅ አይከብደኝም። ብቻ እስከ መቼ እንደሆነ ንገሪኝ። ዓመት ከሆነ ዓመት በይኝ፤ አምስትም ከሆነ አምስት። ሲምረት፣ እስከ መቼ ነው?"

መልሱን ታውቀዋለች። መልሱ አጠገቧ ተኝቷል፤ አፉ በትንሹ ተከፍቶ፣ ነጭ ጺሙ ላይ የሾርባ ጠብታ ደርቆበት። እንዴት ብላ ትናገረዋለች? በየትኛው አፏ?

"ሲምረት?"

መስመሩ ትንሽ ሲንሿሿ ቆይቶ ተቋረጠ።

ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ ባባ ዞረች። ሽማግሌው ተንፍሰው ቀጣዩ ትንፋሽ ዘገየ። እሷም የራሷን ትንፋሽ ይዛ፣ መዳፏን ደረታቸው ላይ አሳርፋ ጠበቀች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ደረታቸው ከመዳፏ ሥር ቀስ ብሎ ከፍ አለ።

ደስ አላት። ደስ ስላላትም አምርራ አለቀሰች።